ታጥቦም የማይለቅ የመንገድ እድፍ፦ የመኪናው ቀለም ሳይጎዳ እንዴት ይወገዳል?

መኪናው ታጥቧል። አረፋው ወርዷል፣ ውሃውም ደርቋል። ራቅ ብሎ ላየው ጽድት ብሏል። ጠጋ ብላችሁ የበሮቹን የታችኛውን ክፍል፣ ከጎማ ኋላ ያለውን ቦታና የኋላውን ፓራውልት ስታዩት ግን ሌላ ነው። ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል። ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። መኪናው ነጭ ከሆነ ብርቱካናማ ነጥቦችም ይታያሉ። በጣት ሲታሽ ጣት ይጠቁራል እንጂ እድፉ ንቅንቅ አይልም።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ጉልበት ይጨምራል። ሻከር ያለ ስፖንጅ ይፈልጋል፣ ሳሙና ያበዛል፣ ክንዱ እስኪዝል ይፈትጋል። እድፉ ምናልባት ይለቃል። ቀለሙ ግን ይጫራል፤ ጭረት ደግሞ ታጥቦ አይሄድም።

ስለዚህ ከመፈተግ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። የተለጠፈው ምንድን ነው? ቅባት ነው? ሬንጅ ነው? የብረት ብናኝ ነው? የዛፍ ሙጫ ነው? ወይስ ውሃ ደርቆ የተወው ኖራ? እያንዳንዱ የሚለቅበት የራሱ ፈሳሽ አለው። ትክክለኛውን ፈሳሽ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ከግማሽ ሰዓት ፍትጊያ ይበልጣል። ቀሪው ጽሑፍ በሙሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ቀለሙ ምን ያህል ቀጭን ነው?

የዛሬ መኪኖች ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከቆርቆሮው እንነሳ። መጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ ፋብሪካ ውስጥ ቦዲው ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ የሚለጠፍበት ነው። በላዩ ቀለሙ እንዲይዝ የሚቀባው ፕራይመር ይመጣል። ከዚያ ዓይናችን የሚያየው ቀለም። ከሁሉም በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀለም የሌለው ሽፋን አለ። ክሊር ኮት ይባላል። መኪናውን የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ቀለም በፀሐይ እንዳይነጣ የሚከላከለውም እሱ ነው።

የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብሮቹ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናሉ። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊር ኮቱ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ወደ 100 ማይክሮን ይወፍራል። እንግዲህ ባጠብን ቁጥር የምናሸው ሽፋን የወረቀት ግማሽ ቢሞላ ነው።

የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ በብዛት ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ ማዕድናት በሚመዘኑበት የሞስ የጥንካሬ ሚዛን 7 ላይ ይቀመጣል። መስታወት ይጭራል። ክሊር ኮት ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። አቧራ የለበሰ ኮፈን በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ጨርቁ ሳይሆን አሸዋው ነው የሚወለውለው። ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ክብ ክብ ጭረት ይታይበታል አይደል? የእጥበት ጭረት ነው። የሚገርመው፣ ጭረቶቹ ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው። ከመካከላቸው የፀሐይዋን ነጸብራቅ ከበው የተሰመሩት ብቻ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ስለሚመልሱ ክብ ይመስሉናል።

እድፉ ለምን ይጣበቃል?

ተራ አቧራ ውሃ ይወስደዋል። የመንገድ እድፍ ግን ቅልቅል ነው። ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጥላሸት አለበት። አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበ ዘይት አለበት። ከጎማ የተበላ ላስቲክ፣ ከፍሬን የረገፈ ብናኝና የመንገዱ አቧራም አሉበት። መንገዱ እርጥብ ሲሆን ይሄ ሁሉ ከፊት ካለው መኪና ጎማ እየተረጨ ይመጣል። ከራሳችን ጎማም ይነሳል። ውሃው ሲተን ዘይቱና ጥላሸቱ ቀጭን ቅባታማ ሽፋን ሆነው ይቀራሉ። አቧራ ይጣበቅባቸዋል። በላዩ ሌላ ዘይት፣ በላዩ ሌላ አቧራ። ፀሐይ ደግሞ ታደርቀዋለች።

የመኪናው ጀርባ ከሌላው ይበልጥ የሚቆሽሸው በምክንያት ነው። ጀርባቸው ቀጥ ያለ መኪኖች ሲሄዱ ከኋላቸው አየር ይሽከረከራል። ያ አየር ከጎማ የተነሳውን ብናኝ መልሶ ጀርባው ላይ ይለጥፈዋል። የኋላ መስታወታቸው ቶሎ ቶሎ የሚጨልመውም ለዚህ ነው።

ቅባት ከውሃ ጋር አይስማማም። ለዚህ ነው ውሃ ብቻውን ይሄን ግራጫ ሽፋን የማይወስደው። የሳሙና ሥራ በሁለቱ መካከል መግባት ነው፤ የሳሙናው ቅንጣት አንዱ ጫፉ ቅባቱን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ውሃውን። ግን ጊዜ ይፈልጋል። አረፋ አድርገን ወዲያው ካለቀለቅነው ገና ሥራውን ሳይጀምር ሄደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳይነኩ ማጠብ

ከሁሉም በፊት መኪናው ይቀዝቅዝ። ጥላ ውስጥ ይቁም። ኮፈኑን በእጃችሁ መዳፍ ንኩት፤ ሞቅ ካለ ጠብቁ። ትኩስ ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰ ሳሙና ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቅና ራሱ እድፍ ይሆናል።

ከዚያ በብዙ ውሃ አርሱት። የፓራፋንጎዎቹን ውስጥ አትርሱ፤ ጭቃው የሚከማቸው እዚያ ነው። በኋላ እናጥበዋለን ከተባለ የጸዳው ላይ ይረጫል። የግፊት ማጠቢያ ካላችሁ ውሃውን በሰፊው የሚበትነውን አፍ ግጠሙለት። ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ። ቀጭኑ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያተኩረው አፍ ለመኪና አይሆንም። ቀለሙ የተላጠበት ወይም በጠጠር የተመታበት ቦታ ካለ ውሃው ከሥሩ ገብቶ ይገለብጠዋል።

አሁን ነው ዋናው ነገር። ለመኪና የተሠራ ቅድመ ማጠቢያ ፈሳሽ አለ። በአረፋ መርጫም ሆነ በእጅ በሚነፋ የዕፅዋት መርጫ መርጨት ይቻላል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ይሁን። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እርጩት፤ በጣም የቆሸሸው ታችኛው ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ። ግን አይድረቅ። ሊደርቅ ሲል ቶሎ አለቅልቁት። በሮቹ ሥር ያለውን አረፋ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ነጭ ሆኖ የጀመረው ቡናማ እየሆነ ይንጠባጠባል። ማንም ሳይነካው እድፉ እየወረደ ነው። የዚያን ያህል አሸዋና ጥላሸት በስፖንጅ ሥር አልተጎተተም ማለት ነው። ከእጥበቱ ሁሉ በጣም የምወደው ደረጃ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ቀጥሎ የእጅ እጥበት ይመጣል። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል። አንዱ ውስጥ የመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ውስጥ ንጹህ ውሃ ይሁን። ማጠቢያውን ሻምፑ ውስጥ ነክራችሁ አንድ ክፍል ታጥባላችሁ። ከዚያ ወደ ሻምፑው ከመመለሳችሁ በፊት በንጹሁ ውሃ አለቅልቁት። ልፋት ይመስላል። ነገር ግን አንድ በር ካጠባችሁ በኋላ የንጹሁን ባልዲ ታች እዩ። የተቀመጠው ደለል ሁለተኛ ባልዲ ባይኖር ኖሮ ወደሚቀጥለው በር ይሄድ ነበር።

ማጠቢያው ፀጉራም ጓንት ቢሆን ይመረጣል። የበግ ፀጉር ወይም ማይክሮፋይበር የሚባለው ደቃቅ ሰው ሠራሽ ክር። ፊቱ ልሙጥ የሆነ ስፖንጅ አሸዋውን የሚደብቅበት ቦታ ስለሌለው ከቀለሙ ጋር ያሸዋል። ከጣሪያ ጀምሩ፣ ወደ ታች ውረዱ። ከበሮቹ ሥር ያለው ጠርዝና የኋላ ፓራውልቱ በመጨረሻ ይታጠቡ። ቸርኬዎቹ የራሳቸው ጨርቅ፣ ቢቻል የራሳቸው ባልዲ ይኑራቸው። እጃችሁን አታክብዱ። በክብ ሳይሆን ቀጥ ባለ መስመር ሂዱ።

ስለ ሳሙናው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መኪናውን በአንድ ቀን አያጠፋውም። ቅባት ይወስዳል፣ ያንኑ ያህል ቀለሙ ላይ የተቀባውን ሰምም ይወስዳል። ሰም ልትቀቡ ከሆነና አሮጌውን ማስለቀቅ ከፈለጋችሁ ያገለግላል። የዘወትር ማጠቢያ ግን አታድርጉት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ ከዚያም ይበረታል። በደንብ ካልሟሟ ቅንጣቱ ራሱ ይጭራል።

አሁን የቀረው ምንድን ነው?

መኪናው ንጹህና እርጥብ እያለ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ቀለሙን ቀስ ብላችሁ ዳሱት። በባዶ እጅ ልስልስ ያለው ቦታ በፌስታሉ በኩል ይቆረቁራል። ዓይን ያላየው ብናኝ በጣት ይታወቃል። ጣሪያውንና የበሩን ታች አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

የቀሩት ነጠብጣቦች በመልካቸው ይለያሉ። ጥቁር፣ ጎላ ያለ፣ በጥፍር ሲነካ የሚለጠጥ ከሆነ ሬንጅ ነው። ብርቱካናማ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ የዛገ ብረት ናት። ነጭ ቀለበት የውሃ ኖራ ነው። ወርቃማ ወይም ቡናማ ሆኖ የጠነከረ ጠብታ ሙጫ ነው።

ሬንጅ

ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ነው። ስለዚህ የሚሟሟው በነዳጅ ዘመዶቹ ነው። ለመኪና የተዘጋጀ የሬንጅ ማስለቀቂያ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ከሌለ ነጭ ጋዝ ይሠራል፣ ዘገም ይላል እንጂ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርጉ። ሬንጁ ላይ ለጥፋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዙት። አትሹት። ጨርቁን ስታነሱት ነጠብጣቡ ዙሪያው ቀልጦ ቡናማ መስመር እያወረደ ታዩታላችሁ። ያኔ በጨርቁ ንጹህ ፊት አንዴ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ካልለቀቀ እንደገና አርሱት። ወፈር ያለ ሬንጅ በንብርብር ነው የሚለቀው፤ ሦስት ጊዜ ማራስ አንዴ በኃይል ከመፈተግ ይሻላል። በየነጠብጣቡ የጨርቁን ፊት ቀይሩ። ሬንጅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ጠጠር አለ፤ የተጠረገው ሬንጅ ወደ ሌላ ቦታ ከተጎተተ ይጭራል።

ሲያልቅ ቦታውን በሻምፑ እጠቡት። ነጭ ጋዝ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ያ ቅባት ካልታጠበ በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፣ ችላ እንዳትሉት። ነጭ ጋዝ ይቀጣጠላል። ሲጋራ፣ ከሰል፣ የጋለ ሞተር አጠገብ አይሆንም። የራሰውን ጨርቅ አጨማዳችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትወርውሩት፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተረፈውን ቱቦ ውስጥ አትድፉ። ጓንት አድርጉ። የጎማ ማኅተሞችን፣ ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክንና የፊት መብራቱን አታስነኩ። የዛሬ የፊት መብራት መስታወት አይደለም፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያሉ ፈሳሾች ሊያደበዝዙት ወይም ሊሰነጥቁት ይችላሉ።

ቤንዚን ቶሎ ያስለቅቃል ብሎ የሚመክር አይጠፋም። አልመክርም። ሬንጁን ከማራሱ በፊት ይተናል፣ እንፋሎቱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ በትንሽ ብልጭታ ይያዛል። ቲነርማ ከናካቴው ይቅር። ሬንጁንና ቀለሙን አይለይም። በተለይ ጋራዥ ውስጥ ዳግም የተቀባ ቦታ ላይ ቀለሙን አለስልሶ ሊያነሳው ይችላል።

የብረት ብናኝ

ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የፍሬኑ ዲስክና ሸራ ይፋተጋሉ። የጋለ የብረት ብናኝ ይወጣል። ከፊሉ ቸርኬው ላይ፣ ከፊሉ ቦዲው ላይ ያርፋል። ሲያርፍ ትኩስና ስለታም ስለሆነ ክሊር ኮቱ ላይ ይተከላል። ከዚያ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። ነጭ መኪና ላይ የምታዩት ብርቱካናማ ነጥብ ይሄ ነው። ጥቁር መኪና ላይም አለ፤ ስለማይታይ ነው እንጂ። ብዙ ሰው ግን ቆርቆሮው ከውስጥ የዛገ መስሎት ይደነግጣል።

ሳሙና አያስለቅቀውም። ሬንጅ ማስለቀቂያም አይነካውም። ማሸት ደግሞ ስለታሙን ብናኝ መጎተት ነው። ለዚህ የተሠራ የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ አለ። አብዛኞቹ ውስጥ አሞኒየም ቲዮግላይኮሌት ወይም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ውህድ አለ። ይሄው ውህድ ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉርን በኬሚካል ለመጠቅለል ያገለግላል። ሽታውም ያስታውቃል። የተበላሸ እንቁላል አይነት ነው።

የታጠበውና የቀዘቀዘው ቦዲ ላይ ይረጫል። ሲረጭ ውሃ መስሎ ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ጥቃቅን ወይን ጠጅ ነጥቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ነጥብ ቀጭን ወይን ጠጅ መስመር እየሳለች ትወርዳለች። ፈሳሹ ከብረቱ ጋር ሲዋሃድ ነው ቀለሙ የሚቀየረው። ንጹህ ያላችሁት በር በሙሉ ወይን ጠጅ ሲያለቅስ ማየት ይገርማል። ብረት የሌለበት ቦታ ላይ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ የትኛው ክፍል በብናኝ እንደተጠቃ ያሳያችኋል ማለት ነው።

ጓንት አድርጉ፣ አየር ያለበት ቦታ ሥሩ። እንዳይደርቅ ጠብቁ። ጠርሙሱ ከሚለው ደቂቃ አታሳልፉ። በብዙ ውሃ አለቅልቁ። በዓመት አንድ ሁለቴ በቂ ነው።

ክሌይ

ሬንጁ ወጣ፣ ብረቱ ወጣ። ፌስታሉ አሁንም ይቆረቁራል? ያኔ ነው የክሌይ ተራ። ክሌይ በእጅ ታሽቶ የሚለሰልስ፣ ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ቁራጭ ነው። ቀለሙ ላይ ሲንሸራተት ከላይ ቀና ብሎ የቆመውን ብናኝ እየያዘ ይነቅላል።

ያለ ቅባት አይሠራም። የሚያንሸራትት ፈሳሽ ወይም ሻምፑ ያለበት ውሃ እንደ ልብ መረጨት አለበት። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እያላችሁ ሂዱ። ጫና አይደረግበትም፤ የእጁ ክብደት ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ትንሽ ይይዛል። ሲጸዳ ድምፁ ይጠፋና ዝም ብሎ ይንሸራተታል። በየጊዜው ገልብጣችሁ እዩት፤ ከጠቆረ አጥፋችሁ አዲስ ፊት አውጡለት። መሬት ላይ ከወደቀ ግን ጣሉት። ምንም ያህል ውድ ቢሆን አታንሱት። የለቀመው አሸዋ በውሃ አይወጣለትም፣ ከዚያ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት ነው በእጃችሁ የያዛችሁት።

ክሌይ ሰሙንም ይወስዳል። ጥቁር መኪና ላይ ቀላል ጭረት ሊተው ይችላል። ስለዚህ በየእጥበቱ አይደረግም። ሬንጁና ብረቱ በፈሳሽ ከወጡ በኋላ ብቻ ይምጣ።

ሌሎቹ በአጭሩ

የወፍ ኩስ ጊዜ አይሰጥም። አሲድ አለበት። ፀሐይ ላይ ክሊር ኮቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ የደረቀውን ኩስ ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። ስለዚህ ባያችሁበት ሰዓት አንሱት። በለብ ያለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ወይም ሶፍት ለጥፋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ሲርስ ወደ ላይ አንሱት እንጂ ወደ ጎን አትጥረጉት፤ ውስጡ ጥሬና አሸዋ አለ። የተጨፈለቀ ነፍሳትም በዚሁ መንገድ ይለቃል።

የዛፍ ሙጫ በአልኮል ይለሰልሳል። ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ሙጫው ላይ ያዙት፣ ሲለሰልስ አንሱት፣ ወዲያው በውሃ አለቅልቁት።

የውሃ ኖራ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። አሲድ ይፈልጋል። ነጭ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በጨርቅ አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁ። የተረጨ ሲሚንቶም ትኩስ ከሆነ በብዙ ውሃ ይሄዳል። ከደረቀ ግን በጥፍርም ሆነ በቢላ አትፋቁት። በአቼቶ ደጋግሞ ማራስና መታገሥ ነው።

እጃችሁ እንዳይነካቸው

በረኪና አንዱ ነው። ሬንጅ አያሟሟም፣ ብረትን ያዝጋል፣ ላስቲክ ያደርቃል። ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ይሄ ከቀለም ያለፈ ጉዳይ ነው፤ በፍጹም አንድ ባልዲ ውስጥ አይግቡ።

የድስት መፈተጊያና የብረት ሽቦ ማንሳትም አያስፈልግም። አንድ ማለፊያ ይበቃቸዋል፣ ክሊር ኮቱን ለማደብዘዝ። የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል የሚባለው ደግሞ ውስጡ የሚፈትግ ዱቄት ስላለ ነው። ያ ዱቄት ለጥርስ እንጂ ለቀለም አልተመጠነም። በናፍጣ መወልወል ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጨው ዘይቱ ነው። ማታ ላይ የመንገዱ አቧራ በሙሉ ተጣብቆበት ታገኙታላችሁ።

አዲስ የተቀባ መኪና ካላችሁ ከእነዚህ ፈሳሾች አንዱንም ከመንካታችሁ በፊት ቀቢውን ጠይቁ። የጋራዥ ቀለም ውስጡ እስኪደርቅ ጊዜ ይወስዳል። ሰም ለመቀባትም ቢሆን ቢያንስ አንድ ወር እንዲጠበቅ ይመከራል። የማያብለጨልጭ፣ ማት የሚባለው ቀለም ላይ ክሌይ፣ ፖሊሽና ተራ ሰም አይነኩም፤ የተነካው ቦታ አብለጭልጮ ይቀራል። በየትኛውም መኪና ላይ ደግሞ አዲስ ፈሳሽ ስትሞክሩ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ይሁን።

ከጸዳ በኋላ

ውሃው በራሱ እንዲደርቅ አትተዉት፣ ያ ኖራ ይተዋል። ወፈር ያለ የማይክሮፋይበር ፎጣ ዘርግታችሁ ውሃውን ይምጠጥ። ፎጣዎቹን ስታጥቡ የልብስ ማለስለሻ አይግባባቸው፤ ክሩን ይሸፍነውና ውሃ መምጠጥ ያቆማሉ።

በዚህ ሰዓት ቀለሙ ራቁቱን ነው። ማስለቀቂያውና ክሌዩ የነበረውን መከላከያ ወስደውታል። ሰም ወይም ሰው ሠራሽ መከላከያ ቀቡት። ስስ አድርጋችሁ፤ ወፍራም ቅብ መጥረጉን ያከብደዋል እንጂ ዕድሜ አይጨምርለትም። ተራ ሰም ሳምንታት፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት ይቆያል። ሰው ሠራሹ ረዘም ይላል። የሚቀጥለው ሬንጅና ጥላሸት በቀጥታ ክሊር ኮቱ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ያርፋል፤ ለማስለቀቅም ይቀላል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ የቀረ ምልክት ካለ ጥፍራችሁን ቀስ ብላችሁ አሳልፉበት። ጥፍር ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፤ በደቃቅ ፖሊሽ ሊደበዝዝ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ፖሊሽ ግን ክሊር ኮቱን በጥቂቱ እየቀነሰ ነው የሚያለሰልሰው። በየወሩ የሚደረግ አይደለም። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፤ በፖሊሽ ማሳደድ ሽፋኑን ያሳሳዋል። ለቀቢ ይታይ። ፖሊሽ ስታደርጉ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ እዚያው ላይ አቁሙ። ወይ መኪናው ከመጀመሪያውም ክሊር ኮት የለውም፣ ወይ እዚያ ቦታ ላይ አልቋል።